ማቪስ ያልጋገረችው ፓይ

ክላረንስ ስለ ሚስቱ ስለ ማቪስ መልክ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ስለ ጠባይዋም ቢሆን ዝም ማለቱን ይመርጣል። ስለ ፓይዋ ከጀመረ ግን የሚያስቆመው የለም። የማዕድን ሠራተኞች ክበብ ገብቶ የመጀመሪያውን ቢራ ሲያጋምስ፣ «የኔይቱን የሥጋ ፓይ ያልቀመሰ ሰው ዮርክሻየር ተወለድኩ ባይል ይሻለዋል» ይላል። የቀረውን ሰዎቹ በቃላቸው ያውቁታል፤ የሊጥ ሽፋኑ እንዴት እንደሚንኮሻኮሽ፣ ሥጋው ጥርስ ለሌለውም እንደሚሆን፣ መረቁ አገጭ ላይ ሲወርድ መጥረግ ኃጢአት እንደሆነ።

እኔና እነሱ የምንጋራው ግድግዳ ስስ ነው። ክላረንስ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ማቪስ ፓይ መጋገር እንደማትችል ከራሷ ሌላ በመንደሩ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እውነቱን ለመናገር አንዴ ሞክራለች፣ በተጋቡ በሳምንቱ። ሊጡን ቢላ እምቢ አለው። ውሻቸው አሽትቶት ሄደና የከሰል ክምር ላይ ተኛ። ክላረንስ ከፈረቃ ሊወጣ ሦስት ሰዓት ሲቀረው ማቪስ የሸክላ ሳህኗን በጨርቅ ሸፍና አውቶቡስ ተሳፈረች፤ ማዶ መንደር ካለው፣ ፓይም ከሚሸጠው የሴድሪክ ሉካንዳ በጓሮ በር ገብታ በሳህኗ አስጋግራ ተመለሰች። ክላረንስ አንድ ጊዜ ጎረሰና ዓይኑ እንባ ሞላ። «እናቴ እንኳ እንዲህ አልሠራችልኝም!»

«የሚያለቅስ ወንድ እንዴት ይታረማል፣ ጆይስ?» አለችኝ ያን ጊዜ። ሳይታረም ሃያ ስምንት ዓመት አለፈ። በየሐሙሱ አውቶቡስ፣ በየሐሙሱ የጓሮ በር።

ሴድሪክ መጋቢት ላይ፣ የፈረስ ውድድር በሬዲዮ እየሰማ ሲጮህ ልቡ ቀጥ አለ። የተወራረደበት ፈረስ አራተኛ ወጣ፤ ስለዚህ ምንም አላመለጠውም። የማቪስ ሐዘን ግን ከልክ አለፈ።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ባለሉካንዳ እኮ ነው የሞተው፣ ንጉሥ አይደለም!» አለ ክላረንስ።

«በሥጋ አያጭበረብርም ነበር» አለችና ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች።

አንዱን ሐሙስ ጥርሴን አመመኝ አለች። ቀጣዩን ኦቨኑ ተበላሸ አለች። በሦስተኛው ክላረንስ፣ «እሑድ ስልሳ አምስት ይሞላኛል። እህቴን አግነስን ጠርቻለሁ፣ ቄሱንም ጠርቻለሁ። ያንቺን ፓይ ትበላላችሁ ብያቸዋለሁ» ሲል በግድግዳው ሰማሁት። ትንሽ ቆይታ ማቪስ በነጠላ ጫማ ወደኔ መጣች።

«ጆይስ፣ መሞቴ ነው።»

«ከእሑድ በፊት ነው በኋላ?» አልኳት።

በማግስቱ ይዣት ወደ ሴድሪክ ሚስት ሄድን። ፊሊስ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሲጋራ ከአፏ የማይጠፋ ሴት ናት። በሩን ከፈተችና ማቪስን ከጫማዋ ጀምራ ወደ ላይ አየቻት።

«ሐሙስ» አለች።

«ምን አሉኝ?»

«ሐሙስ ነሻ! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በጓሮ ስትገቢ ከላይ በመስኮት አይሻለሁ። ቀብሩ ላይም ከኔ በላይ ስትነፈርቂ አይቼሻለሁ። ፀጉርሽን ልነጭ ስንቴ ተነስቼ ስንቴ እንደተቀመጥኩ ታውቂያለሽ? በይ ግቢ፣ ብርድ አታስገቢብኝ።»

ማቪስ ነገሩ የገባት ወንበር ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ።

«ኧረ በክርስቶስ! እኔና ሴድሪክ? እኔ እኮ ፓይ ልገዛ ነው የምመጣው!»

«ፓይ ብቻ?»

«ፓይ!»

«በጓሮ በር?»

«ባሌ እንዳያውቅ!»

«ይኸው! ሁሉም የሚሉት እንደዚህ ነው!»

መሃል ገብቼ ከውሻው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። የፊሊስ የሲጋራ አመድ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ከዚያ ሳቅ ከሆዷ ተነሳ፤ ጎረቤት በዱላ ግድግዳ እስኪመታ ሳቀች። በመጨረሻ ዓይኗን ጠረገችና ኮስተር አለች።

«ቆይ እስቲ። ይኼ ሁሉ ዓመት አንጀቴ ያረረው በከንቱ ነው? ያ ሰውዬ ውሽማ እንኳ አልነበረውም?»

«ቢያንስ ከኔ ጋር አልነበረውም» አለች ማቪስ፣ ልታጽናናት ብላ። «አሁን እሱ እንዴት ይሠራው እንደነበር ቢያሳዩኝ…»

«ሴድሪክ? ሴድሪክ እንቁላል መቀቀል አይችልም ነበር! ፓዩን የምሠራው እኔ ነኝ።»

«የኔንም?»

«ያንቺንማ በተለይ! ጠርዙ የተሸረፈ ሳህን ነው ያለሽ፤ የመምጫ ሰበብሽ ይመስለኝ ነበር። ንዴቴ ሲብስ አንጀትሽን እንዲልጠው ቁንዶ በርበሬውን እጥፍ አደርግልሽ ነበር።»

ማቪስ ትንሽ አሰበችና፣ «ቁንዶ በርበሬ የበዛበት ቀን ክላረንስ ይስመኝ ነበር» አለች።

«እንግዲያ ትዳርሽን ያቆምኩት እኔ ነኛ!»

ቅዳሜ ክላረንስ ለበረራ ውድድር የሚያረባቸውን እርግቦች ይዞ ሲወጣ ፊሊስ ማቪስን ልታስተምር በፊት ለፊት በር ገባች፤ የጓሮ በር ነገር በቃኝ አለች። እኔ ሽንኩርት ከተፍኩ። ፊሊስ የበሬውን ሥጋ አውራ ጣት በሚያህል መጠን ቆርጣ፣ አብሮት ከሚገባው ኩላሊት ነጩን ጅማት በመቀስ አውጥታ፣ ሁሉንም ዱቄት ላይ አንከባለለችውና በሞራ ጠበሰችው።

«አታማስዪው! ሥጋው ሲጠቁር ነው ቃና የሚያመጣው። አንቺ ሴትዮ፣ ማንኪያውን አስቀምጪ አልኩሽ!»

ሽንኩርቱ ገባ፣ ጦስኙ ገባ፣ ጥቁር ቢራ ተደፋበት። ከጠርሙሱ የተረፈችውን ፊሊስ ለጤናዋ ጠጣቻት። ሁለት ሰዓት ተኩል በዝግታ ፈላ። ማቪስ ግን መጠበቅ አልቻለችም፤ እንፋሎቱ ሳይበርድ ሊጡን አለበሰችው። ሽፋኑ ቀለጠና እንደ ሰከረ ሰው ባርኔጣ መረቁ ውስጥ ሰመጠ።

«በይ እንግዲህ» አለች ፊሊስ። «የፓይ ሚስጥሩ ይኼው ነው። ውስጡ ይብረድ፣ ሊጡ ይብረድ፣ እጅሽ ይብረድ። አንቺ ደግሞ በስልሳ ዓመትሽ እንደ ሙሽራ ትግያለሽ።»

የበላነው ያንን የሰመጠውን ነው። ለእሑድ የሚሆነው ሥጋ በድስት ተቀመጠ።

እሑድ ጠዋት ክላረንስ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ፊሊስ መጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ዛሬ እጄን አላስገባም። እንግዳ ነኝ» አለች። ማቪስ ብቻዋን እጇን በቀዝቃዛ ውሃ ነከረች፣ ሞራውን ከዱቄቱ ጋር በጣቷ ጫፍ ፈተገች፣ ሊጡን አሳረፈች፣ ዳመጠች፣ ቀደደችው፣ ተሳደበች፣ እንደገና ዳመጠች። ሽፋኑ እንዳይሰምጥ የእንቁላል ማስቀመጫ ሲኒ መሃል ላይ ደፍታ አለበሰችው፣ እንፋሎት መውጫ ቀደደችለት፣ እንቁላል ቀባችው። ከኦቨን ሲወጣ በአንድ ጎኑ አበጥ፣ በሌላው ሰርጎድ ብሏል። ቢሆንም ቆሟል።

እኔም ፊሊስም በማቪስ ጋባዥነት ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጥንና ቄሱ ማዕዱን ባረኩ። ሲባርኩ፣ ሲባርኩ፣ እንፋሎቱ ጠፋ። በመጨረሻ ክላረንስ ጎረሰ። አኘከ። ደግሞ አኘከ። ሹካውን አስቀመጠ።

«ማቪስ፣ ይኼ ያንቺ ፓይ አይደለም።»

«እኔማ ላለመናገር ብዬ ነው እንጂ» አለች አግነስ፣ «ሽፋኑ የጫማ ሶል ሶል ይላል።»

ማቪስ ናፕኪኗን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «የኔ ነው። የኔ ያልሆኑት ያለፉት ሺህ አራት መቶዎቹ ናቸው። ሁሉንም ከሴድሪክ ሱቅ ነው የገዛሁት።»

«ባለሉካንዳው ነው የጋገረልኝ?»

«እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አለች ፊሊስ አፏ እንደሞላ።

ክላረንስ አንዴ ማቪስን፣ አንዴ ፊሊስን አየ። «ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ያገባሁት ማንን ነው?»

«እኔን አትየኝ!» አለች ፊሊስ። «አንድ ባል ቀብሬያለሁ፣ ይበቃኛል።»

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምክር ሊሰጡ ነው ብለን ሹካችንን አስቀመጥን። «የክላረንስን ድርሻ የሚፈልገው ከሌለ…» ብለው ሳህናቸውን ዘረጉ።

ክላረንስ ከወንበሩ ተነስቶ የእርግቦቹ ቤት ገባ። ሦስት ቀን ዳቦና አይብ እየበላ፣ ለመኝታ ብቻ ወደ ቤት እየገባ ከረመ። ማቪስ አልለመነችውም። በግድግዳው የሰማሁት የመዳመጫዋን ድምፅ ነው፤ ጧት ማታ ሊጥ ትደበድባለች። ረቡዕ ለት አግነስ ወሬውን ለመንደሩ ሁሉ መርጨቷን ሰማና ክላረንስ ካፖርቱን ለብሶ ወደ ክበቡ ሄደ። ወንድሜ እዚያ ነበር። ክላረንስ ቆሞ ቢራውን ሳይነካ እንዲህ አለ ብሎ ነገረኝ፦

«ስሙ። ሚስቴ ሃያ ስምንት ዓመት አታላኛለች፣ አንድም ቀን ሳልነቃባት። እናንተ ሚስቶቻችሁ አንድ ሳምንት የሚደብቁበት ጭንቅላት አላቸው? የላቸውም። በሉ አሁን ሳቁ።»

ሳቁ። እሱም ትንሽ ዘግይቶ ሳቀ።

ሐሙስ ቤት ሲገባ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ማቪስና ፊሊስ ደግሞ እስከ ክንዳቸው ዱቄት ሆነው አገኘን። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ያው… እሑድ ትንሽ ተናገርኩ መሰለኝ» አለ።

«መሰለህ?» አለች ማቪስ።

«ሥጋው ግን ጥሩ ነበር። ሥጋው ላይ ምንም አላልኩም እኮ።»

ማቪስ ወንበር በእግሯ ገፋችለት። ተቀመጠና የቀረበለትን በላ። ሽፋኑ ያን ቀንም ወፍራም ነበር፤ እሱ ግን ቁራጭ ሳያስቀር ጨረሰና ደገመ። ከዚያ፣ እኔ በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር፣ እጅጌውን ሰብስቦ ሳህን ሊያጥብ ተነሳ። በዕድሜው የመጀመሪያው ነው። ሁለት ሰበረ፤ ሦስተኛውን ፊሊስ ከእጁ ነጠቀችው።