የተተኮሰው አሥር ዶላር

ቬልማ የወንድሟን ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ተኩሳ ስትጨርስ፣ ሬይ ኩንትዝ የወጥ ቤቱን በር በትከሻው ገፋ አድርጎ ገባ። ሚስቱ የላከችውን በአይብ የተጋገረ ድንች በሁለት እጁ አቅፏል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ እንኳ ቁጭ አትዪም?"

"ነገ ለብሶት የሚቀበረው ነው። ኤልደን ጭምድድ ያለ ነገር እንደማይወድ ታውቃለህ።"

"ኧረ እሱንስ ተይው! ካልሲ የሚያስተኩስ ወንድ ከሱ ሌላ አላየሁም።"

ሳቁ። ሳሎን ውስጥ ጎረቤቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን የመጣው ትልቁ የቡና ማፍያ ይንተከተካል። የስኳሩ ዕቃ ላይ አንድ ወረቀት ተደግፏል። ፓስተሩ፣ "ያለሽው እህት አንቺ ብቻ ነሽና ነገ ሁለት ቃል በዪ" ስላሏት ሌሊቱን ጽፋዋለች። የመጀመሪያው መስመር፣ "ወንድሜ ማንንም አታልሎ አያውቅም" ይላል።

ሬይ ቡናውን ቀድቶ ተቀመጠ። አሮጌ የገንዘብ ኖት ለሰብሳቢዎች ሲገዙና ሲሸጡ ከኤልደን ጋር ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረዋል።

"እኔ የማልረሳለት ያቺን የከተማችንን አሥር ዶላር ነው" አለ። "ድሮ የዚሁ ከተማ ባንክ በራሱ ስም ያወጣት፣ ቡናማ ማኅተም፣ ገንዘብ ያዡ በብዕር የፈረመባት። ሁለት ብቻ ናቸው የሚታወቁት። በአሥራ አንድ ሺህ ነው የሸጥናት! እና ታምኚኛለሽ? አንዷ ምስኪን በካውያ ተኩሳታለች!"

የቬልማ እጅ ቆመ።

ገንዘብ ያዡ የእናቷ አባት ነበር። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ባሏ ክላረንስ በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ኖቱን ከእናቷ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አገኘችው። ተጨማዶ ነበር። የአያቷ ፊርማ ያለበት ነውና ክብር ይገባዋል ብላ፣ ንጹሕ ጨርቅ ደርባ ተኮሰችውና ለኤልደን ወሰደችለት። በማጉያ መነጽሩ ብዙ አየው።

"ወይ ቬሊ፣ ወይ ቬሊ! የድሮ ኖት ይተኮሳል? ገደልሽው እኮ!" ከቦርሳው አዲስ አሥር ዶላር መዝዞ ዘረጋላት። "የአያታችን ማስታወሻ ነው፣ እኔ ጋ ይቀመጥ።"

በዚያው መኸር ለሕክምናው የእናቷን ፒያኖ ሸጠች። መኪና ላይ ሲጫን አንዱን ጫፍ የያዘው ኤልደን ነበር። ከዚያ ወዲህ ገና በመጣ ቁጥር፣ "ካውያውን ደብቁ፣ ቬሊ መጣች!" ይላል፤ ቤቱ ሁሉ ይስቃል፤ እሷም ትስቅ ነበር። ማታ ግን፣ ጌታ ሆይ፣ የአያቴን እጅ ጽሑፍ አበላሸሁ፣ ይቅር በለኝ ትላለች።

"መተኮሱ አልገደለውም?" አለች አሁን፣ ካውያውን ቀና አድርጋ እያቆመች።

"እንደ ልብ የሚገኝ ኖት ቢሆን ግማሽ ዋጋውን ይበላው ነበር። ሁለት ብቻ ያለውን ግን ቀቅለሽውም ይሸጣል። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ኤልደን ነው።"

"መቼ ነበር?"

"ቆይ... ክላረንስ የታመመ ጊዜ አይደል? መኸር ላይ ነው።"

"ከማን ገዛሁት አለህ?"

"ስሟን አልነገረኝም። ደህና አድርጌ ከፍያታለሁ ነው ያለኝ።"

"አሥር ዶላር።"

"ምን አልሽ?"

"ምንም። ቡናህን ጠጣ፣ ይቀዘቅዝብሃል።"

ሬይ ወደ ሳሎን ሲያልፍ ወረቀቱን አነሳች። ሌላ የምትጽፈውን ፈለገች፤ አልመጣላትም። "እግዚአብሔር ያውቃል" አለች ለራሷ፣ የመጀመሪያውን መስመር ሰረዘችና ቦታውን ባዶ ተወችው።

ካውያው ገና ትኩስ ነው። ግራ እጅጌውን ተኮሰች። ቀኙን ሰሌዳው ላይ ዘረጋችው፤ ያን አዲስ አሥር ዶላር የዘረጋላት እጅ የሚገባበት ነው። ቆማ አየችው። ከዚያ ሳትተኩሰው ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች።

ሸሚዙን መስቀያው ላይ ሰቀለች፤ ኮቱን ደረበችበትና እስከ ታች ቆለፈችው። ማንም አያየውም። ልትሄድ ዞር አለችና ተመለሰች፤ ከኮቱ በላይ፣ ጭምድዱ ያለበትን ክንድ አንዴ ዳበስ አደረገችው።