ጥሩምባው ዳግም ዝም ያለ ጊዜ

አባቷ ጠዋት ተነስተው ፊታቸውን ታጠቡና እንደ ወትሯቸው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ስክሪኑ ላይ ያለችውን የጥሩምባ ሥዕል ተጫኑ። ምንም አልተከፈተም። ደግመው ተጫኑ። ስክሪኑ ለአፍታ ያህል የሚያስብ መሰለና መልሶ ጭጭ አለ። ከዚያ በኋላ ማውሱን መጫን ሳይሆን መደብደብ ያዙ። ልጃቸው ሥራ ልትሄድ ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን እያሰረች የጠረጴዛውን መንቀጥቀጥ ሰማችና አንድ እግሯን ባዶ አድርጋ ሮጠች።

ስትደርስ አባቷ ትንሿን ነጭ ሰሌዳ አንስተው በማርከር እየጻፉባት ነበር። «ምን ነካካሽ?» ይላል።

ነካክታለች። ኮምፒውተሩ በነጋ በጠባ አፕዴት አድርጉኝ እያለ ሲነዘንዛት ሰንብቶ፣ ማታ እራት አነሳስታ ስታበቃ «እሺ» የሚለውን ተጭናለት ነበር። ይኸው ነው ጥፋቷ። ይህንኑ ስትነግራቸው የጻፉትን በእጅጌያቸው ጠራርገው ሌላ ጻፉ።

«ገደልሽኝ።»

ጥሩምባው ያሏቸው የመናኸሪያ ሹፌሮች ናቸው። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውቶቡሶችን መነሻና መድረሻ በድምፅ ማጉያ ሲናገሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ማጉያው የተበላሸ ዕለት ደግሞ አንገታቸውን በመስኮት ብቅ አድርገው እንዲሁ በባዶ ጉሮሯቸው ይጣሩ ነበር፤ ከግቢው ማዶ ሻንጣውን የሚጎትት መንገደኛ ሳይቀር ይሰማቸዋል። ኋላ ማንቁርታቸው ላይ ዕጢ በቀለ። ሐኪሞቹ ዕጢውን ብቻ ማውጣት አይቻልም ብለው ማንቁርቱን ራሱን አወጡት።

ቀዶ ሕክምናው ሊደረግ ሲል ማሙሽ መጣ። ማሙሽ ታናሽ ወንድሟ ነው። ሽበት ጣል ጣል አድርጎበት፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኖም በቤት ስሙ ማሙሽ እንደሆነ ቀርቷል። ሙያው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። ከሚሠራበት ከተማ ፈቃድ ወስዶ መጥቶ፣ አባቱን መኝታ ቤት አስገብቶ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ ድምፃቸውን ከመጥፋቱ በፊት ቀዳው። ከዚያም ያንን ቅጂ ይዞ ፕሮግራም ሠራላቸው። እሳቸው በኪቦርድ ሲጽፉ ስፒከሩ በራሳቸው ድምፅ ይናገራል። ይህ ቀላል ውለታ አይደለም፤ እሷም ቀላል ነው ብላ አታውቅም። ማሙሽ ግን ፕሮግራሙን ጭኖ፣ አባቱን ግንባራቸውን ስሞ ሄደ። እሷ ደግሞ እስኪያገግሙ ድረስ ብላ የኪራይ ቤቷን ለቃ መጣች። ካገገሙ ቆይተዋል።

ያን ጠዋት ለመሥሪያ ቤቷ እንደምትዘገይ ደውላ ተናገረችና ለማሙሽ ደወለችለት። ስብሰባ ላይ ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ ቶሎ በይ» አላት። ፕሮግራሙን በሥዕሉ ሳይሆን በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት እንድታስነሳው ነገራት። እንዳላት ስታደርግ ሥዕሏ ስትጫን ዋጥ ታደርገው የነበረው ስሕተት ብቅ አለ። እንዲህ እንዲህ የሚባለውን ላይብረሪ መክፈት አልተቻለም፣ እንዲህ ያለ ፋይል የለም ይላል። አነበበችለት።

«ቀላል ነው» አላት። «አዲሱ አለ እኮ። የአሮጌውን ስም ወደ አዲሱ እንዲያመለክት አድርጊው፣ አለቀ።»

ትእዛዙን ፊደል በፊደል እያስጻፋት፣ መሃል ላይ ከአጠገቡ ያለ ሰው ሲያናግረው እየመለሰ፣ ጨረሱ። ጥሩምባዋን ስትጫናት ፕሮግራሙ ተከፈተ። አባቷ ፊታቸው በራ፤ እጃቸውን አፋትገው ወንበሩን ሳቡና መጻፍ ጀመሩ። ማሙሽ «ይኸው፣ አልኩሽ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ግን የሰው አይመስልም ነበር። ቀጥኖና ፈጥኖ፣ ቃሉ ከቃሉ ላይ እየተሳፈረ ይንጫጫል። የሳቸው ድምፅ መሆኑ ጨርሶ ባይታወቅ ይሻል ነበር፤ ክፋቱ መታወቁ ነው። ሊያላግጥባቸው ድምፃቸውን የሚያስመስል ሌላ ሰው ይመስል ነበር። አረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ፕሮግራሙ በራሱ ጊዜ ተዘጋ። አባቷ እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩ። ማንቁርት የሌለው ሰው ሲያለቅስ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚናጠው። እሷ ያን ስታይ «አስተካክለዋለሁ አባዬ» አለች፣ እንዴት እንደምታስተካክለው ሳታውቅ።

ለማሙሽ መልሳ ብትደውልለት አያነሳም። ቀትር ላይ መልእክት ላከ። ፕሮግራሙ አርጅቷል፣ አሁን የተዘጋጁ ጥሩ ጥሩ ፕሮግራሞች አሉ፣ አንዱን ይምረጥ፣ ድምፁ የሌላ ሰው ቢሆንም ይለምደዋል ይላል። መልእክቱን ለአባቷ አላሳየችም። ለምን እንዳላሳየች ኋላ ስታስበው፣ የደበቀችው ለወንድሟ ብላ ይሁን ለአባቷ ብላ ራሷም አልገባትም።

እሷ የምትሠራው የሕንፃ ንድፍ በሚያዘጋጅ ቢሮ ነው፤ መሐንዲሶቹ በእጃቸው የጫጫሩትን ደረጃና መስኮት በኮምፒውተር ትስላለች። የቢሮው ኮምፒውተሮች ሐኪም ኮስታራው የሚሉት ሰው ነው። ሰላም ሲሉት ቅሬታ እንደቀረበበት ሰው ነው የሚያየው፤ ማንም ጉዳዩን በአጭሩ ተናግሮ መሸሽ ይመርጣል። እሷም ፈራ ተባ እያለች የሆነውን ነገረችው። ኮስታራው የጀመረውን ሳንድዊች አስቀምጦ ሰማትና ወረቀት ስቦ እየሞነጫጨረ አስረዳት።

«ፕሮግራም ሁሉን ነገር ለብቻው አይሠራም» አላት። «ድምፅ ማውጣትን፣ ፊደል ማሳየትን የመሰለውን ሥራ፣ ሌሎችም በጋራ ለሚጠቀሙባቸው ፋይሎች ይተወዋል። ላይብረሪ የሚባሉት እነሱ ናቸው። አፕዴቱ አሮጌዎቹን አንስቶ አዲሶችን ተክቷል። የአባትሽ ፕሮግራም የሚያውቀው ግን አሮጌዎቹን ነው። ወንድምሽ ያደረገው ለአዲሱ ሰው የአሮጌውን ስም መስጠት ነው። ፕሮግራሙ ስሙን አይቶ ያስገባዋል፤ ሥራ ላይ ሲገናኙ ግን አይግባቡም።»

መድኃኒቱንም ነገራት። መጀመሪያ ማሙሽ ያስለጠፈውን ስም ታነሳለች። ከዚያ ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች ሁሉ እንዲዘረዝር ታዘዋለች፤ «አልተገኘም» የሚል የተጻፈበትን ትለያለች፤ የዚያኑ አሮጌ ቅጂ ፈልጋ የኮምፒውተሩ የጋራ ማስቀመጫ ውስጥ ሳይሆን ፕሮግራሙ ራሱ ባለበት ፎልደር ታስቀምጣለች፤ ፕሮግራሙም ከሌላው ቦታ በፊት እዚያ እንዲፈልግ ታደርገዋለች። ያኔ አዲሱን የሚፈልግ በአዲሱ፣ አሮጌውን የሚፈልግ በአሮጌው ይሠራል።

በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። ቤት ስትገባ ግን አንዱን አግኝታ ስታስቀምጥ፣ ያ ራሱ ደግሞ ሌላ የሚፈልገው አለው፤ ያንን ስትሞላ ሦስተኛው አልተገኘም ይላል። ካመጣቻቸው አንዱ ለሌላ ዓይነት ማሽን የተሠራ ሆኖ አልሠራ አላት። ከሥራ ስትመጣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ትቀመጣለች፤ በምሳ ሰዓት ደግሞ ከኮስታራው ጠረጴዛ አትጠፋም። አባቷ በነዚያ ቀናት ከአልጋቸው የሚነሱት ለመድኃኒት ብቻ ሆነ። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ የተኙ ያስመስላሉ። ሰሌዳዋን አንስተው የሚጽፉት «ማሙሽ ምን አለ?» የሚል ብቻ ነው። እሷም እየሞከርን ነው ትላቸዋለች።

ለማንም ያልተናገረችው ነገር ደግሞ ነበር። ቤቱ ጸጥ ብሎ ደስ ብሏታል። ሻይ ቀጠነ፣ መስኮት ተከፈተ፣ ወንድምሽ ቢሆን ኖሮ የሚል ድምፅ የለም። ይህን ስታስብ ታፍርና የበለጠ ትተጋለች።

የመጨረሻው ላይብረሪ ግን ከየትም ሊገኝ አልቻለም፤ ኮስታራው ራሱ ፈልጎ የውሃ ሽታ ሆነበት። ምናልባት ወንድምሽ በራሱ እጅ ያዘጋጀው ይሆናል አላት። ለማሙሽ ጻፈችለት። ጊዜ ሳገኝ አያለሁ ብሎ መለሰና ጠፋ። ቢቸግራት፣ ፕሮግራሙን የሠራበትንና አልጋ ሥር ጥሎት የሄደውን አሮጌ ላፕቶፕ ጎትታ አወጣች። ባትሪው ሞቷል፤ ገመድ ሲሰካበት ግን እያቃሰተ ተነሳ። ፋይሉ እዚያ ነበር። ከጎኑ ደግሞ ያልተቆራረጡት የድምፅ ቅጂዎች አሉ። አንዱን ከፈተችው። አባቷ አንድ አረፍተ ነገር ያነባሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ከዚያ ሁለቱ አባትና ልጅ እስኪያስላቸው ይስቃሉ። እሷ በዚያ ሰዓት ለሆስፒታሉ ደም የሚለግስ ዘመድ ፍለጋ ከተማውን ስታስስ ነበር። ቅጂውን ዘጋችው፣ ፋይሉን ኮፒ አደረገች፣ ላፕቶፑንም ወደነበረበት ገፋችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩን እንደገና አስወጣች። «አልተገኘም» የሚል መሥመር የለም። አባቷን ክንዳቸውን ይዛ አምጥታ አስቀመጠቻቸው። ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይነኩ ቆዩ፤ ያ የሚንጫጫው ነገር እንዳይመጣ ፈርተው ነው። ከዚያ ጻፉ።

«መንገደኞች ሆይ፣ ወደ ሰሜን የሚሄደው አውቶቡስ ሊነሳ ነው። የቀራችሁ ቶሎ ግቡ።»

ድምፁ ወፍራም፣ ሙሉ፣ ያው የድሮው ነበር። ግድግዳው መለሰው። እሷ ሳታስበው ሳቀች፤ አባቷም አፋቸውን ከፍተው ያለ ድምፅ ሳቁ፤ እጇንም ያዙ። ዝም ብለው ያዙት። ከዚያ ለቀቁትና ጻፉ።

«ማሙሽን ጥሪልኝ።»

ጠራችው። ስልኩን ስፒከሩ አጠገብ አስቀመጠች። አባቷ የሚሉትን አስቀድመው አስበውበት ነበር መሰል፣ ረጅም ነበር። ልጄ፣ ድምፄን ሁለት ጊዜ ሰጠኸኝ አሉት። እንዳንተ ያለ ልጅ ያለው ሰው ምን ጎደለበት አሉት። ሰው በጠፋበት ሰው ሁን ብዬ ማሳደጌ ሜዳ ላይ አልቀረም አሉት። በየመሃሉ ሲጽፉ ጸጥታ ይሆናል፤ ማሙሽ ይጠብቃል።

«ኧረ ምንም አይደል አባዬ፣ ቀላል ነገር ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ እርጥብ ብሎ። «ዋናው መሥራቱ ነው። ነገም እደውላለሁ።» ውሸቱን አልነበረም። ያቺ በስልክ ያስጻፋት ትእዛዝ እንደሠራች ነው የሚያውቀው፤ ከዚያ በኋላ የላከችለትን መልእክት ሁሉ በውሉ ያነበበው አይመስልም።

ስልኩ ተዘጋ።

«አባዬ፣ ማሙሽ እኮ አይደለም የሠራው» አለች። «ያንን ያንጫጫው የእሱ ትእዛዝ ነው። እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። አይተኸኛል እኮ፣ ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ ነበርኩ።»

አባቷ ዞረው አላዩዋትም። ጣቶቻቸው ቀስ እያሉ ሄዱ።

«አውቃለሁ» አለ ስፒከሩ።

«ታዲያ?»

ይህኛው ቆየ። ጻፉ፣ አጠፉ፣ እንደገና ጻፉ።

«እሱ ካልተመሰገነ አይደውልም። አንቺ እዚሁ ነሽ።»

በዚያ በሚያምር ድምፅ፣ ቃል ሳይጎረብጥ፣ ጥርት ብሎ ነው የወጣው። እሷ እንዲያው «እሺ» አለች። ወደ በሩ ስትሄድ ከኋላዋ «አመሰግናለሁ» የሚል ድምፅ ሰማች። ዞር አላለችም። ድምፁን ታውቀዋለች። ማሙሽ ለነርሶቹ ብሎ፣ ውሃ ስጡኝ፣ መብራት አጥፉልኝ ከሚሉት ጋር በአንድ ቁልፍ ብቻ እንዲወጣ ያዘጋጀው ነው። መጻፍ አያስፈልገውም፤ ሁልጊዜም በአንድ ዜማ ነው የሚወጣው።

ሰኞ ዕለት ኮስታራው ፊቱን እንደቋጠረ መጥቶ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመ። ሠራ ወይ አላት። ሠራ አለችው። አባትሽስ ምን አሉ አላት።

«በጣም ደስ ብሏቸው እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ ብለዋል» አለችው።

አባቷ ስለ ኮስታራው ሰምተውም አያውቁም። ሰውዬው ግን ፊቱ ቀስ ብሎ ተፈታ፤ ጆሮው ቀላ፤ ምንም አይደለም፣ ሌላ ጊዜም ቢቸግርሽ አለሁ ብሎ ከወትሮው ፈጠን እያለ ሄደ። እሷ ወደ ጀመረችው የደረጃ ንድፍ ዞረች። ሥራዋ ግን አልገፋላትም።

ማሙሽ እንዳለው በማግስቱ፣ እሑድ፣ ደውሎ ነበር። ለጥቂት ሳምንታትም እሑድ እሑድ ይደውል ነበር። አባቷ እሑድ ጠዋት ጺማቸውን ይላጫሉ፤ ለማን እንደሆነ አይናገሩም። ኋላ ጥሪው እየሳሳ መጥቶ፣ ሥራ በዛ በሚል መልእክት ተተካ። አባቷ የሚጽፉላት ነገር ከዚያ ወዲህ በዛ። ቀኑ እንዴት ነበር ይላሉ፤ መሐንዲሶቹ ደህና ናቸው ወይ ይላሉ። እሷ የተጠየቀችውን ትመልሳለች፣ ራት ታቀርባለች፣ መድኃኒታቸውን ቆጥራ ትሰጣለች፣ ክፍሏ ትገባለች።

አንድ ምሽት ሳህኑን ስታነሳ «ምን ሆነሽ ነው?» አሏት።

«ምንም» አለች።

ማዕድ ቤት ገብታ ቧንቧውን ሳትከፍት ቆመች። ከወዲያኛው ክፍል የኪቦርዱ ቀጭ ቀጭ ይሰማል፤ ይጽፋሉ፣ ያቆማሉ፣ አንዷን ቁልፍ ደጋግመው እየመቱ የጻፉትን ያጠፋሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ጠበቀች። ቀጭ ቀጩ ቆመ፤ ከስፒከሩ ምንም አልወጣም። ቧንቧውን ከፈተች።