ዘጠኝ ካሬ

"አሁንም ተጠጋሽ፣ እማዬ!"

ልብስ ሰፊዋ በሁለት እጇ የወጠረችውን፣ ዘጠኝ እኩል ካሬ በጠመኔ የተሰመረበትን ጥቁር ጨርቅ ዝቅ አድርጋ እግሯን አየች። እውነትም ልጇ ወለሉ ላይ በጠመኔ ያሰመረችውን ምልክት አልፋ ቆማለች።

"መቼ ተጠጋሁ?"

"ይኸው ጣቶችሽ ይመስክሩ! ብርሃኑ አራት ካሬ መሙላት ሲገባው ሦስቱን እንኳ በቅጡ አልሸፈነም። ፈታኞቹ ፊት እንዲህ ከሆነብኝ አለቀልኝ።"

ቀን ቢሆንም መጋረጃው ተጋርዶ ክፍሉ ጨልሟል። የልጅቷ ስልክ መብራቱ በርቶ ስፌት መኪናው ላይ ተደግፏል። ከፊቱ አንድ ሰፊ እርምጃ ርቆ፣ መሃሉ በአንዱ ካሬ ልክ የተቀደደ ካርቶን ወንበር ላይ ቆሟል። የጠመኔው ምልክት ያለው ከስልኩ የዚያን እጥፍ ርቆ ነው።

ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ይህንኑ የከዋክብት ብርሃን ትምህርት ከሩቅ ከተማ ለመጡ ፈታኞች አስተምራ ታሳያለች። ከወደዱላት እነሱ ትምህርት ቤት ትቀጠራለች። አውቶቡሱ ማለዳ ተነስቶ እዚያ የሚደርሰው ሲመሽ ነው። እናትየው ይህን ከሰማች ወዲህ በሐሳቧ አውቶቡሱን ስንቴ ገልብጣዋለች፤ ልጇንም ውሃ የሚያቀብላት በሌለበት ስንቴ አሳምማታለች።

"ለመሆኑ ይሄ ከኮከብ ጋር ምን አገናኘው?"

"እኩል የሚያበሩ ሁለት ኮከቦች አሉ እንበል። አንደኛው እጥፍ ቢርቅ፣ ያው ብርሃን አራት እጥፍ ቦታ ላይ ይበተናል፤ ለእኛ ሩቡን ያህል ደምቆ ይታየናል። ሦስት እጥፍ ቢርቅ ደግሞ ለዘጠኝ ይከፋፈላል።"

"ለአንድ ሰው በተቆረጠ ጨርቅ ዘጠኝ ሰው ላልብስ እንደ ማለት።"

"እሷን ሰርቄ እነግራቸዋለሁ!"

"ታዲያ ደከመ በያ፣ ኮከቡ።"

"ራቀ እንጂ መች ደከመ? እሱማ እዚያው እንደነደደ ነው።"

እንደገና ሞከሩ። ብርሃኑ ሲሳሳባት የእናትየው እግር፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ ስታስገባ ወደ መስኮት እንደሚወስዳት ሁሉ፣ ሳታዘው ወደፊት ሸርተት አለ። አሁንም አራቱ አልሞሉም።

ልጅቷ ካርቶኑን አንስታ ቀዳዳውን አገላብጣ አየችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ቀዳዳውን አበላሽቼዋለሁ መሰለኝ። ሄጄ ከምዋረድ ደውዬ አልመጣም ልበላቸው?"

እናትየው ይህን ቃል ስትጠብቅ ሰንብታለች። አሁን ዝም ማለት ብቻ ይበቃት ነበር።

"ቀዳዳሽ ደህና ነው" አለች። "እኔ ነኝ የምጠጋው። ሲደበዝዝብኝ እግሬ አልታዘዝ ይለኛል። ደግሞ ሦስተኛውን ርቀት አልሞከርነውም።"

"ቦታ የለማ! ኮሪደሩ ውስጥ ነው የሚውለው።"

እናትየው በሩን በጀርባዋ ገፋችና መስኮት ወደሌለው ኮሪደር እያፈገፈገች ወጣች። ልጅቷ ካርቶኑን መልሳ አቆመች፤ በእርምጃ ለክታም "እዚህ ጋ" ብላ ስልኩ ዘንድ ተመለሰች።

"ስንት ሞላ?"

ብርሃኑ ጨርቁ ላይ ሊጠፋ የደረሰ ይመስል ነበር። አንድ በአንድ ቆጠረች።

"ዘጠኙንም። ደብዝዟል እንጂ ከዳር እስከ ዳር አለ።"

እግሯ ሊነሳ ሲል ተሰማት። ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከሽርጧ ኪስ ጠመኔ አወጣች፤ ጎንበስ ብላም ጣቶቿ ፊት መስመር ጎተተች። ከዚያ ጨርቁን መልሳ ወጠረች።

"በይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪ። ከዚህ አላልፍም።"