ጉዳይ አስፈጻሚዋ ስትተኛ

እዚያ ቤት ውስጥ ከእግዚአብሔር ጋር የሚነጋገረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታላቅ እህታቸው እትዬ። ሌሎቹ በእሷ በኩል ይልኩ ነበር። ሹፌሩ ወንድሟ የመኪናው ሞተር ባንገራገረ ቁጥር ይደውልና፣ "እትዬ፣ እስቲ ለጌታ ንገሪልኝ" ይላታል። ታናሿ ሶፋ ሠሪዋም ደንበኛ ሲጠፋ፣ ጥርሷን ሲያማት፣ ከአከራይዋ ጋር ስትነታረክ ስልኳን አንስታ ሁሉንም ታወርድላታለች። እትዬ ትሰማለች፣ ትቆጣለች፣ ትመክራለች፤ ከዚያ ተንበርክካ የሁሉንም ጉዳይ እየጠራች ታቀርባለች። ሲቀልዱ "ጉዳይ አስፈጻሚያችን" ይሏታል። ቀልድ ይምሰል እንጂ ሐቁ ይኸው ነበር።

እግዚአብሔርን የሚያህል ጌታ ደጁን ከፍቶ ሳለ ሰው በመልእክተኛ መነጋገሩ ይገርማል። ሶፋ ሠሪዋ ግን ምክንያት ነበራት። ልጅ ሳለች አንድ ቀን አባታቸው ገበታ ላይ "ዛሬ ሚጣ ትጸልይ" አሉ። ሚጣ በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤት የደብዳቤ አጻጻፍ እየተማረች ነበር። ዓይኗን ጨፍና እግዚአብሔርን "ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን" ካለችው በኋላ "አክባሪህ" ብላ ጨረሰች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ አባቷን እንኳ ውኃ ትን አላቸው። ከዚያ ወዲህ ሚጣ በእግዚአብሔር ፊት አፏን አልከፈተችም። ታምናለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ አሜን ሲባል ድምጿ ከሁሉ ይቀድማል። መናገሩን ግን ለእትዬ ትታ፣ ዝም አይነቅዝም ብላ ኖረች።

አድጋም ዝምታ የሚስማማው ሥራ ያዘች። አሮጌ ሶፋ ገፍፋ፣ የላላውን ሞላ አጥብቃ፣ የሞተውን ስፖንጅ ቀይራ አዲስ ጨርቅ ታለብሳለች። ስትሠራ ትናንሾቹን ሚስማሮች በከንፈሯ ትይዝና አንድ በአንድ እየመዘዘች ትመታለች። በዚያ ሰዓት የሚያናግራት ደንበኛ ከ"እህ" እና ከ"እንእን" ሌላ መልስ አያገኝም።

ታዲያ እትዬ ታመመች። ሆዷ ውስጥ እጢ ተገኘ፤ ያውም ከትልቁ የደም ሥር ተጣብቆ። ሐኪሙ፣ "እናወጣዋለን፣ ግን ቀላል ነው ብዬ አልዋሻችሁም" አላቸው። የቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት ሚጣ አልጋው አጠገብ ቆማ የእህቷን ጋቢ መሳይ የሆስፒታል ልብስ ታስተካክላለች። እጇ ሥራ ካልያዘ ዕንባዋ ይቀድማታል።

"ሚጣ" አለች እትዬ።

"አቤት፣ እትዬ።"

"እስከ ዛሬ እኔ ስነግርልሽ ኖሬያለሁ። ዛሬ እኔ ተኝቼ ነው የምውለው። አንቺ ንገሪልኝ።"

ሚጣ ክው አለች። "እኔ? ኧረ እትዬ፣ እኔን የት ያውቀኛል!"

"ከእኔ በፊት ያውቅሻል።"

"ቄሱን ልጥራልሽ? በአንድ እግራቸው ነው የሚመጡት።"

"ይምጡ፣ ደስ ይለኛል። የጠየቅኩት ግን አንቺን ነው" አለች እትዬ። ይህን እንዳለች አልጋዋን እየገፉ ወሰዷት።

ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ውጭ መቀመጥ የሚፈቀደው ለአንድ አስታማሚ ብቻ ነበር። ሹፌሩ ወንድማቸው እዚያው ተቀመጠ። ሚጣ መንገዱን ተሻግራ ከሆስፒታሉ ትይዩ ያለው ሱቋ ገባች፣ በሩን ገርበብ አደረገች፣ መሐል ወለሉ ላይ ቆመች። "አቤቱ…" አለች። ቀጥሎ ምን እንደሚባል ጠፋት።

ያኔ አንድ ብልኀት መጣላት። ሚጣ ወደዚህ ሱቅ የገባች ሰሞን እትዬ ጉንፋን ይዟት መምጣት ስላልቻለች ጸሎቱን በድምፅ ቀድታ ልካላት ነበር። ሚጣ ስልኳን ከመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አቁማ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ከፈተችው። የእትዬ ድምፅ ሱቁን ሞላው።

"አቤቱ አምላካችን ሆይ፣ ይህችን ሱቅ ባርክ። በሯን ከሌባ፣ ጣሪያዋን ከዝናብ ጠብቅ። አይጥ የተባለ ሁሉ ከስፖንጁ ይራቅ…"

"ሰው ሊሞት ነው፣ እዚህ ስለ አይጥ ይወራል!" ብላ ሚጣ ስልኩን ጠረቀመችው። ወዲያው ፊቷ ቀላ፣ እስከ ጆሮዋ ድረስ በእፍረት ጋለች። ዞር ዞር ብላ አየች። ሱቁ ውስጥ ማንም የለም። ታዲያ ያፈረችው ማንን ነው? ለካ የሚሰማት አንድ ጌታ ፊት እንደቆመች ልቧ ያውቅ ነበር።

በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ፤ ሹፌሩ ነው። "ሚጣ፣ ደም አልቆም ብሏል አሉ። ሌላ ሐኪም ሲሮጥ ገባ።" ድምፁ ተቆራረጠና ዘጋው።

ሚጣ የምትይዘው ነገር ብታጣ መዶሻዋን አነሳች። ከፊቷ ግማሽ የለበሰ ወንበር ነበር። እፍኝ ሚስማር በከንፈሯ ያዘችና ጨርቁን ወጠረች። አፏ ተይዟል፤ ሆዷ ግን በራሱ ጊዜ ተናገረ።

"ይህቺን ሴትዮ አንተ ታውቃታለህ። ሁሉን ካላዘዝኩ ባይ ናት" አለችው፤ አንዱን ሚስማር መታች። "ልጆች ሳለን አልጋውን ሁሉ ይዛ እኔን ግድግዳ ላይ ትለጥፈኝ ነበር። አሁን እንኳ በዚህ ዕድሜዬ ጸጉርሽን ለምን አላበጠርሽም ትለኛለች።" ሌላ መታች። "ምክሯ አያልቅም። ስትቆጣ ደግሞ እናቴን ነው የምትመስለኝ…" እዚህ ላይ መዶሻው ቆመ። ሚስማሮቹን መዳፏ ላይ ተፋች፤ ከዚህ በኋላ ያለው በዝምታ የሚባል አልነበረም።

"ፈርቻለሁ" አለች ጮክ ብላ። "እሷ ከሄደች ለአንተ ማን ይነግርልኛል?"

ይህን ስትል የራሷን ድምፅ ሰማች። እየነገረችው ነበር እኮ! ያለ ደላላ፣ ያለ አስተርጓሚ፣ በሶፋ ሠሪ አፏ። ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ተዋት፣ ተውልኝ" አለች። "እለምንሃለሁ። ብትወስዳትም ግን… አንተ አትሂድብኝ።"

ያን ጊዜ ደስ አላት። ወሬው ሳይመጣ፣ ደሙ ይቁም አይቁም ሳይታወቅ፣ ልጅ ሆና አባቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት ይሰማት የነበረው ዓይነት ደስታ ውስጧን ሞላው። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ብቻዋን ግን አልፈራችም። የምትለውም ከየት መጣ ሳይባል መጣላት። ስለ ጥርሷ፣ ስለ አከራይዋ፣ ማንም ስለማያውቀው የድሮ ቂሟ፣ እንዲያው የዘመኑን ውዝፍ ሁሉ ስታወራለት፣ የወንበሩ ባለቤት አንገታቸውን በበሩ አስገቡ።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው፣ ልጄ?"

"ከእግዚአብሔር ጋር ነው፣ እማማ" አለች ሚጣ ዕንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። "ትንሽ ይጠብቁኝ፣ አልጨረስንም።"

ሴትየዋ ግራ ገብቷቸው ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ስልኩ እንደገና ሲጮኽ ሹፌሩ መጀመሪያ አለቀሰ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በመጨረሻ ተናገረ። ደሙ ቆሟል። እጢው ወጥቷል። እትዬ አለች!

በማግስቱ ሚጣ ክፍሉ ስትገባ እትዬን ፊቷ ገርጥቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ አገኘቻት። ዓይኗ ግን ያው የአለቃ ዓይን ነው።

"ነገርሽልኝ?"

"ነገርኩልሽ።"

"ምን አልሽው?"

"አማሁሽ።"

"ምን አልሽ አንቺ?"

"ስለ አልጋው፣ ስለ ጸጉሬ፣ አንድ ሳላስቀር ዘርግፌ አማሁሽ። ከዚያ ለመንኩልሽ።"

እትዬ ሳቋን ለመያዝ ትራሱን ጨበጠች። "እሱስ ምን አለሽ?"

"ይሄንንማ አልነግርሽም" አለች ሚጣ። "የእኔና የእሱ ነው።"

እትዬ አየቻት፣ አየቻት፣ ዓይኗ ዕንባ ሞላ። ስለ አይጥና ስለ ጣሪያ ስትጸልይ በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ ከአንጀቷ የለመነችው ይህን አንድ ነገር ነበር። እጇን ወደ አፏ አነሳች፤ እልል ልትል ስትቃጣ ስፌቱ ቀጨም አድርጎ ያዛት።

"አቃተኝ" አለች፣ ተመልሳ ትራሱ ላይ ወድቃ።

"አንቺ ተኚ" አለች ሚጣ። "እኔ እልልልሻለሁ።"

ከዚያም በክፍሉ መሐል ቆማ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ እልልታውን ለቀቀችው። ነርሷ መድኃኒት እንደያዘች እየሮጠች መጣች። "ሴትዮ! ሆስፒታል እኮ ነው!"

"አውቃለሁ፣ እህቴ፣ አውቃለሁ" አለች ሚጣ፣ ደገመችውም። ከወዲያ ጥግ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የተኙ አንዲት አሮጊት፣ ነገሩ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ፣ በቀጭን ድምፅ ተቀበሏት።