የተጠቀለሉት ስድስት አቅጣጫዎች

ስልኩ የጠራው ሙሉጌጥ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት እየጎተተች ሳለ ነው። መብራት በፈረቃ በሆነበት በዚያ ዓመት በሐይቅ ዳሯ ከተማ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ መክፈት ጀግንነት ነበር፤ መጣ ሲሉት የሚሄድ መብራት ይዞ ምን ሥራ አለ! ብቻ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ስለሚቆይ ቁርሷን እንኳ ሳትቀምስ የሰውን ወረቀት ለማድረስ ትጣደፋለች። የደወሉት ጋሽ ወልደጻድቅ ናቸው፤ የባሏ አጎት፣ ይርጋለም የሚኖሩ የቤተሰቡ ትልቅ ሰው። እኚህ ሰው ስለ ጤናው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ልጆች ሳይቀር ጠይቀው ካልጨረሱ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። ዛሬ ግን ደህና አደርሽም አላሉ።

«ብቻሽን ነሽ?» አሏት።

እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ደግ ወሬ ሰምቶ አያውቅም። ሙሉጌጥ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

እህተማርያም ሌሊቱን አርፋለች። የባሏ የሰይፈሚካኤል ታላቅ እህት ናት፤ እሱ «እትዬ» ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት እሱን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስኪጨርስ ድረስ «ይህ ልጅ ሳይቆም እኔ አልዳርም» ብላ ሽማግሌ የመለሰችው እሷ ናት። ኩላሊቷን ካመማት ሰንብቷል፤ ለሱ ግን ሁልጊዜ «ተሽሏታል» ነው የሚባለው።

«ቀብሯ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ። «ለሱ ትንፍሽ እንዳትይ። ፈተናው ስምንት ሰዓት አይደል ያላችሁን? ይጨርስ። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዤ መጥቼ ራሴ አረዳዋለሁ። አደራሽን።»

«ቀብሯ ላይ ሳይቆም ጋሼ? አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ እኮ ነው!»

«ሙት አይመለስ ልጄ። የሱ ነገር ግን ዛሬ ካመለጠ አመለጠ። እሷም ብትጠየቅ ይህንኑ ነው የምትል።»

እውነታቸውን ነው፤ ክፋቱም እሱ ነው። ሰይፈሚካኤል የማስተርስ ጽሑፉን ከጨረሰ ቆይቷል። የሚያቀርብበት ቀን፣ እነሱ ዲፌንስ የሚሉት ማለት ነው፣ በፈታኝ እጦት ሁለቴ ተላልፏል፤ እንዲህ ያለውን ሒሳብ የሚፈትን ሰው ባገሩ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ ዶክተር ጠሀ የሚባሉ ሰው መጥተውለታል። የትምህርቱ የጊዜ ገደብ ደግሞ በዚህ ወር ያበቃል። ዛሬ ካላቀረበ ድካሙን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው፤ ተመልሶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ይገባል። እዚያ የሚያስተምረው በሳተላይት የሚመጣው ፕላዝማ ነው፤ የአስተማሪው ሥራ ከፍቶ መዝጋት። ያን ጊዜ ከሥራ ሲገባ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ሙሉጌጥ ታውቃለች። ያ ፊት ዳግም ከሚመጣባት ሱቋ ቢቃጠል ይሻላታል።

«ሌሊቱንስ… ተሠቃየች?» ብላ ጠየቀች።

«ስትጠራው ነው ያደረች» አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ። «‹ሰይፉ መጣ? በሩን ክፈቱለት› ትላለች፣ ትደክማለች፣ ደግሞ ትላለች። ልንደውል ብለን… በማግሥቱ ፈተና ያለበትን ሰው ምን ብለን!» ስልኩን ዘጉት።

ያገራችን ሰው መርዶ በስልክ አይናገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ የሚወድቀውን የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ፈተና ያለበት ሲሆንማ ጭራሽ አይነገርም፤ ስንቱ የአባቱን ሞት ከማትሪክ በኋላ ነው የሰማው! ደግነት ነው ይላሉ። ይሁን፤ ደግነቱን ግን ብቻዋን ተሸክማ የምትውለው ሙሉጌጥ ናት። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ከዚያ ደንበኛ መጣና የመታወቂያውን ኮፒ አወጣችለት።

ስድስት ሰዓት ላይ ሰይፈሚካኤል የሠርጉን ሱፍ ለብሶ ጥራዙን ሊወስድ መጣ። ያን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተየበችው እሷ ናት። ትርጉሙ ባይገባትም ምልክቶቹን በመልካቸው ታውቃቸዋለች፤ አንዱ መንጠቆ ነው፣ አንዱ ሹካ፣ አንዱ ባለ ኮፍያው። እሱም ለምዶባት «ሹካዋን ከመንጠቆው በፊት አድርጊልኝ» ይላታል። ዛሬ እንደ ልጅ አንድ ቦታ መቆም አቅቶታል።

«እስቲ አንዴ ስሚኝ፤ ላንቺ ከገባሽ ለነሱም ይገባቸዋል» አለና የጥራዙን ጀርባ፣ ወረቀቱን የያዘውን የፕላስቲክ ጥምዝ አሳያት። «ይህን ከመንገድ ማዶ ሆነሽ ብታዪው ምንድን ነው? መስመር ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ። ቀረብ ስትዪ ግን በየቀዳዳው አንድ አንድ ቀለበት አለ። የምንኖርበት ቦታም እንዲሁ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች፤ ሦስቱን እናውቃቸዋለን። የኛ ሒሳብ ግን ሌላ ስድስት አቅጣጫ ይፈልጋል፤ ተጠቅልለው፣ ከማነሳቸው የተነሣ በምንም መሣሪያ የማይታዩ። እዚህ ሱቅ ውስጥ፣ በእጅሽ መዳፍ ላይ፣ በእያንዳንዱ ነጥብ አሉ። ዓለም እንዲህ የሆነችው እነሱ በተጠቀለሉበት ቅርጽ ነው። እኛ ግን መካከላቸው እየዋልን እያደርን አናውቃቸውም።»

«በኔና ባንተ መካከልም?»

«በኔና ባንቺ መካከልም!» ብሎ ሳቀ። «የኔ ሥራ ደግሞ ቅርጹ ላይ ያለ ቀዳዳ እየጠበበ ሄዶ ሲዘጋ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ቦታ ራሱ ይቀደዳል፣ ሙሉዬ! ሒሳቡ እዚያ ጋ መፍረስ ነበረበት፤ ግን አይፈርስም።»

ዞር ብላ የተስተካከለውን የወረቀት ክምር ማስተካከል ጀመረች።

«እትዬ ትመርቀኝ ብዬ ስደውል ስልኳ አይነሣም» አለ ከኋላዋ።

«ኔትወርክ ይሆናል።»

ዕድሜ ለኔትወርክ! በዚህ አገር ስንቱን ውሸት ተሸክሟል። ሰይፈሚካኤልም አመናትና ግንባሯን ስሞ ሄደ።

እሱ ከሄደ በኋላ ሙሉጌጥ መቀመጫ አጣች። አደራ አለባት፤ አደራ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ግን ያቺ ሴት በሩን ክፈቱለት ስትል አድራ፣ አፈር ሲያለብሷት እሱ ሰሌዳ ላይ ቀለበት ሊስል ነው? ነገ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መርዶውን ነግረው፣ ለቅሶውን አልቅሰው ይመለሳሉ። አንድ አልጋ ላይ አብራው የምትቀረው እሷ ናት። «ስደውልላት አጠገቤ ነበርሽ» ሲላት ምን ትመልስለታለች? ኔትወርክ? ሱቁን ዘጋችና ባጃጅ ያዘች፤ እስከ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ማርያም ማርያም እያለች ሄደች።

አዳራሹ ውስጥ ብቻውን ነበር። መብራት ስለ ሄደ ፕሮጀክተሩን ትቶ ሥዕሎቹን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሳለ ነው። ሲያያት ፈገግ አለ፤ ከጎኗ ማንም አልነበረም፣ የሚደግፈውም ክንድ የሷ ብቻ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን እያወቀች፣ እንዳትመለስ ፈርታ ቶሎ ተናገረችው።

«ሰይፉ፣ እትዬ አርፋለች።»

ጠመኔው ከእጁ አልወደቀም። «መቼ?» አለ።

«ሌሊት። ቀብሯ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አሁን ከተነሣን እንደርሳለን፤ ባጃጁን አስቁሜዋለሁ፣ ከመናኸሪያ በኮንትራት እንሄዳለን።»

ሰዓቱን አየ። ገና ሰባት ተኩል አልሆነም። ሙሉጌጥ ይጮኻል፣ ይወድቃል፣ ይሮጣል ብላ ለሦስቱም ተዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን ወደ ሰሌዳው ዞሮ አንድ የተንሻፈፈ መስመር አጠፋና እንደገና አቃናው።

«ለፈታኞቹ ንገራቸው» አለች። «ሰዎች እኮ ናቸው! እህቱ ለሞተችበት ሰው ቀን አይሰጡም?»

«ሁለቴ ተላልፏል። ገደቡ በዚህ ወር ያበቃል። ሰውየው ዛሬ ማታ ከተመለሱ ማን ድጋሚ ያመጣልኛል?»

«እትዬ እኮ ናት!»

«እትዬ መሆኗን አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ?» ብሎ ጮኸባት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ይህን ቀን ነው። ለማንም እንዳትናገሪ።»

ስትጠራው ማደሯን አልነገረችውም። ለዚያ አንጀት አልነበራትም። ጠዋት አጎትየው፣ አሁን ደግሞ ባልየው አፏን ዘጉት፤ ሄዳ የኋላው ወንበር ላይ ኩርምት ብላ ተቀመጠች።

ስምንት ሰዓት ላይ ፈታኞቹ ገቡ። ዶክተር ጠሀ ሸምገል ያሉ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሰው ናቸው። ሰይፈሚካኤል ጀመረ። እንዴት አድርጎ እንደተናገረ! ቢንተባተብላት፣ አንዴ ቢሳሳትላት ምን ነበረበት! ቃል ሳያዛንፍ፣ ሹካውን በሹካው፣ መንጠቆውን በመንጠቆው ቦታ እያስቀመጠ ሄደ። ሙሉጌጥ ባሏን ፈራችው። በዚያው ልክ አዘነችለት፤ ጠመኔውን የያዙት ጣቶቹ ከመጨበጣቸው ብዛት ነጥተው ነበር።

ጥያቄው የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ይርጋለም ላይ አሁን ፍትሐቱ አልቋል፤ አሁን ሣጥኑን እያወረዱት ነው።

«ቦታው ሲቀደድ ዓለምን ከመፍረስ የሚያተርፋት ምንድን ነው?» አሉ ዶክተር ጠሀ።

«ቀዳዳው ላይ የተጠመጠመ ነገር አለ» አለ ሰይፈሚካኤል። «ቀዳዳው ሰፊ ሳለ በጣም ከባድ ነው፤ ስለዚህ ከሒሳቡ እንተወዋለን። ቀዳዳው ሲጠብ እየቀለለ ይመጣል፤ ሲዘጋ ክብደቱ ዜሮ ይሆናል። ያን ጊዜ እሱን ሒሳቡ ውስጥ ካስገባነው መቀደዱ ምንም አያበላሽም።»

«ካላስገባነውስ?»

ሰይፈሚካኤል ሰዓቱን አየ። ከጀመረ ወዲህ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። «ካላስገባነው ሁሉም ነገር ይፈርሳል» አለ።

ዶክተር ጠሀ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥቂት ተመካክረው ሲመለሱ ውጤቱ ከፍተኛ ነበር። ጭብጨባ ሆነ፤ ሊሰሙት የመጡት የሥራ ባልደረቦቹ ለስላሳ ከፈቱ፣ አንዱም ሙሉጌጥን «እልል በይ እንጂ!» አላት።

«ፈገግ በል እንጂ ወንድሜ፣ አልቋል እኮ» አሉት ዶክተር ጠሀ እጁን እየጨበጡ።

«እህቴ አርፋ ነው። ዛሬ ነው የተቀበረችው።»

«መቼ ሰማህ?» አሉ ዶክተር ጠሀ።

«ከመግባቴ በፊት።»

ሽማግሌው እጁን ሳይለቁ በሐዘን አዩት። «ምነው በነገርከኝ? እኔ እኮ እስከ ነገ እዚሁ ነኝ፤ ሐይቁ ዳር ክፍል ይዣለሁ። ነገ ጠዋት ልናደርገው እንችል ነበር።»

ይህን የሰማ ሰው ምን ይላል? ሰይፈሚካኤል እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀና ጥራዙን እንኳ ሳያነሣ ወጣ።

እስከ ይርጋለም ባለው መንገድ ሙሉጌጥ ክንዱን ስትይዘው አልከለከላትም፤ የሷ መሆኑንም ያወቀ አይመስልም። ሲደርሱ ቀባሪው ተመልሶ ድንኳኑን ሞልቶታል። ጋሽ ወልደጻድቅ በዚያ ሰዓት በሱፍና በክራባት ሲያዩት ከፈተናው በኋላ የተነገረው መሰላቸው። እየተደናቀፉ መጥተው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ።

«ወገኖቼ!» አሉ፣ ድንኳኑ እስኪሰማ። «ይህ ልጅ ሳይሰማ ነው የቀረው! ቢሰማማ እንኳን በመኪና በእግሩም ይመጣ ነበር! እኛ ነን የደበቅነው፤ በደሉ በኛ ይሁን!»

ድንኳኑ በዋይታ ተናጋ። ሴቶቹ «አይ ሰይፉዬ፣ ሳትሰማ፣ ሳትሰማ!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ለእህተማርያም ካለቀሱት ይልቅ አሁን ለሱ ያለቀሱት በለጠ። ተራ በተራ አቀፉት፤ አንዷ አሮጊት እግሩ ላይ ወድቃ «ይቅር በለን ልጄ፣ ከቀብሯ አስቀረንህ» አለች፤ ጎንበስ ብሎ አነሣት። ሙሉጌጥ ከዳር ቆማ በልቧ ዝም በል፣ እባክህ ዝም በል ትለዋለች። ዝም አለ። ሁሉንም ተቀበለ፤ እንባው ግን አልመጣም።

አቅፈውት ሲጨርሱ ሙሉጌጥ ውሃ ይዛ ጠጋ አለች። ብርጭቆውን ተቀበላትና ሳይጠጣ ፊቷን አየ።

«ባትነግሪኝ ኖሮ» አላት፣ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ይህ የሚሉት እውነት ይሆን ነበር።»