ሞኖብሎኩ ላይ የተመታው ቁጥር

ሬይኔሪዮ በቤንዚን የነከረውን ጨርቅ ይዞ በሰማያዊው ሸቭሮሌት ኮፈን ሥር አጎንብሷል። በሞኖብሎኩ፣ በሞተሩ ዋና አካል ጎን፣ ሞተሩን ከሚያስነሳው ሞተሪኖ አጠገብ፣ ቅባትና አቧራ ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። በቢላዋ ጫፍ እየፋቀ፣ በጨርቁ እየወለወለ ሲሄድ ብረቱ ብቅ አለ፤ ብረቱ ላይም ጎልተው የወጡ ፊደልና ቁጥሮች።

ነገ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር ሰዎች ከሳንታ ክላራ ወደ ካይባሪየን ይመጣሉ። የሚቀበሉት ከገዛ ሞተሩ ጋር የኖረ መኪና ብቻ ስለሆነ ሁለቱንም ቁጥሮች አጽድተህ ጠብቀን ብለውታል። አንዱ ሞተሩ ሲገጣጠም በመዶሻ የተመታው ነው፤ ሌላው ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ ከሻጋታው ይዞት የወጣው። የተመታውንማ ሟቹ አባቱ እንደ ጸሎት ስላስጠኑት በቃሉ ያውቀዋል። ሻጋታው የተወውን ግን እስከ ዛሬ ፈልጎት አያውቅም።

«ሲ 17 8» ይላል። ፊደሏ ሦስተኛው ወር ናት፤ አሥራ ሰባት ቀኑ ነው፤ ስምንት ደግሞ የዓመተ ምሕረቱ የመጨረሻ አኃዝ፣ ሃምሳ ስምንት። መኪናው የሃምሳ አምስት ነው።

ሬይኔሪዮ ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ወደ ተመታው ቁጥር ዞረ። የአባቱ ቁጥር ነው፤ አንዲት አኃዝ አልጎደለችም። ነገር ግን ዙሪያው በሞረድ ተልጧል፤ አኃዞቹም ሰልፍ እንዳልለመደ ምልምል ወጣ ገባ ብለው ቆመዋል።

ይህን ሞተር ከእሱ ሌላ የነካው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ኩላሊቱን ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ መኪናውን ለአበልጁ ለአርሴኒዮ አደራ ሰጥቶ ነበር። የሬይኔሪዮ ልጅ ያስማኒም በጀልባ ባሕሩን ተሻግሮ የሄደው በዚያው ሰሞን ነው፣ አባቱን ሳይሰናበት። ሬይኔሪዮ ድኖ ሲመለስ የሞተሩ ድምፅ ተለውጦ አገኘው። አርሴኒዮ ውስጡን አድሼልሃለሁ አለው። እሱም አምኖ፣ አሳማ አርዶ አመሰገነው።

እጁን ሳይታጠብ ወደ ወደቡ ወረደ። አርሴኒዮ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ዶሚኖ ይጫወት ነበር። የሬይኔሪዮን ፊት ሲያይ ጠጠሮቹን ደፍቶ ሌሎቹን አሰናበተ።

«የአባቴ ሞተር የት ነው?» አለ ሬይኔሪዮ።

አርሴኒዮ አልካደም። ያስማኒ ሞተሩን ለጀልባ ለምኖ አባቱ እምቢ እንዳለው፣ ከዚያም ከወዳደቀ ትራክተር የተፈታ ሞተር ገዝቶ ሊወጣ ሲል እሱ የሸቭሮሌቱን ሞተር ፈትቶ እንደሰጠው ተናገረ።

«ያንን የትራክተር ሞተር አይቼዋለሁ አበልጄ። ከዳርቻው ደሴቶች እንኳ አያሳልፈውም ነበር። ክርስትና ያነሳሁትን ልጅ አሣ እንዲበላው ላድርግ?»

«ቁጥሩንስ? እሱንም ልጁን ለማዳን ነው የመታኸው?»

«እንዳታውቅ ነው» አለ አርሴኒዮ፤ «የምታውቅ ከሆነ ወዳጅነታችን ያበቃል ብዬ።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

አርሴኒዮ ዓይኑን ወደ ሬይኔሪዮ ቤት አቅጣጫ ጣለ። ሬይኔሪዮም ሚስቱ እንደሆነች ገባው።

ሚስቱ ኔሬይዳ ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር። በቅባት የጠቆረ እጁን አየች። እርጥቡን አንሶላ ገመዱ ላይ ጣለችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። በዚህ ሞተር ገበያ ስትሄድ፣ እናቷን ቀብራ ስትመለስ፣ ሁልጊዜ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር፤ አንድ ጊዜም ድምፁ ከድሮው ይልቅ ለስልሷል ብላዋለች። አሁን ትዝ ያለው ይህ ነው።

«ሙሉውን ስማኝ» አለች። «ያስማኒ ሰርቄ አልሄድም አለ። የአባቴን ነገር ሰርቄ ባሕር አልገባም ብሎ አለቀሰ። ቀኑ ደርሶ ነበር። እኔ ነኝ አባትህ ሰጥቶሃል ያልኩት። ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት፣ መርቆ ሰጠህ፣ አፉን ሞልቶ መናገር ግን ያሳፍረዋል አልኩት።»

ሬይኔሪዮ የሚይዘው ነገር ፈልጎ የልብስ ገመዱን ጨበጠ። ልጁ ሳይሰናበተው ስለሄደ ተቀይሞ ስልኩን አንድ ቀን ነክቶ አያውቅም። ልጁ ሲደውል ተነሥቶ ይወጣል።

«በደወለ ቁጥር ምን ይለኛል መሰለህ? አባዬን አመስግኚልኝ ይላል። ልጅ ሲወለድለት ያንተን ስም ያወጣለት ለዚህ ነው።»

«እኔ ያልሰጠሁትን።»

«አዎ፤ አንተ ያልሰጠኸውን።» ስልኳን ከቀሚሷ ኪስ አወጣች። «ሌባው ማን እንደሆነ ልጄ ይወቅ ካልክ አልከለክልህም። እኔ ግን አልነግረውም።»

ደውላ ሰጠችው። ሬይኔሪዮ ስልኩን ተቀበለና እንዴት እንደሚያዝ የጠፋው ይመስል ከደረቱ ፊት ለፊት ይዞ ቆመ። ከወዲያኛው ጫፍ የሕፃን ጫጫታ ይሰማል። ቀጥሎ በር ተዘጋ፣ ጫጫታው ራቀ፣ የጎለመሰ የወንድ ድምፅም ቀረበ።

«እማዬ?» አለ። የሰማው የአባቱን ትንፋሽ ነው።

«አባዬ፣ አንተ ነህ?»

ኔሬይዳ አንሶላውን ለመወጠር ተነሥታ ጀርባዋን ሰጠችው። ሬይኔሪዮ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ።