በመርፌ የተነሡ ፊደሎች

አልቀይርም አልኩሽ እኮ እህቴ፣ ይላል ባለ ሱቁ አስማረ ላፕቶፑን ወደ ልዕልት እየገፋ፣ እሷም መልሳ ትገፋለች፣ በሳምንት ውስጥ ከመለስሽ እቀይርልሻለሁ ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ፣ ድምጿ ቀጥኖ ይወጣል፣ ስልክ ሊያሠሩ የመጡ ሁለት ልጆች ከጀርባዋ ጆሯቸውን ጥለዋል፣ ብያለሁ፣ ይላል አስማረ፣ ግን ሳይነካ ነዋ፣ ኪቦርዱ ተነቃቅሎ ነው የምቀበልሽ?

ሳይነካ። ልክ ነው። ማክሰኞ እዚሁ ቆማ፣ ይሄ የፈረንሳይ ኪቦርድ ነው፣ ፊደሉ ቦታው ይለያል፣ ችግር የለውም? ሲላት ምን አለች፣ ችግር የለውም አለች፣ ከጠዳ የመጣች ፋራ እንዳይላት፣ አባቷም ከጎኗ ሆኖ እሷ ታውቃለች ብሎ ደረቱን ነፋ። ታውቃለች! ጣቶቿ የሚያውቁት የተቃጠለባትን የድሮ ላፕቶፕ ነው፣ ሳታይ እስክትጽፍበት ሁለት ዓመት የለፋችበትን፣ በዚህኛው ኤ ስትነካ ኪው ይወጣል፣ ነጥብ ለማድረግ እንኳ ሁለት ጣት፣ የክፍል ተማሪዎቹን መጽሔት እኔ እተይባለሁ ብላ እጇን ያወጣችውም እሷው፣ ሰኞ ይፈለጋል፣ ገና አንድ ገጽ አልሞላም፣ ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ስትነጫነጭ ከረመች፣ ፊደሎቹ ቦታቸው አይደሉም አባዬ፣ ቦታቸው አይደሉም።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ዞሮ የተሰፋ እጅጌ ተፈትቶ ይሰፋል፣ ፊደልም ቦታው ካልሆነ ይነሣና ቦታው ይገባል። ዛሬ ጠዋት ስትከፍተው ሁሉም እንደ ድሮው ተደርድረዋል፣ የተቃጠለው ላፕቶፕ አጠገቡ ተከፍቷል፣ መርፌው እላዩ ላይ ነው፣ የፈረንጅ ፊደል የማያነብ ሰው፣ መልካቸውን ብቻ እያየ፣ አንድ በአንድ። ሞክሪው እስኪ አላት፣ ፊቱ በርቶ። ኤ ነካች። ኪው። ሸጋ ነው አባዬ አለችው፣ ባትሪው ብቻ አልያዘም፣ ላስቀይረው፣ እሱም አምኗት ጫማውን አድርጎ ተከተላት።

ተመልከች፣ ይላል አስማረ፣ ከላይ ያለውን ፕላስቲክ ብታዘዋውሪው ማሽኑ መች ይሰማሻል፣ እሱ የሚጽፈው ውስጡ ያለውን ነው፣ ይቺ ደብሊው ደግሞ ተዘቅዝቃለች፣ እዚህ ጋ አንዷ ጭራሽ የለችም፣ የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ የተጫወተበት? ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው አይተው ይንከተከታሉ።

አባቷ በሩ ጋ ነው። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል። አሁን ትበል፣ አባቴ ነው፣ ለኔ ብሎ ነው፣ ይህቺን ማለት ምን ይከብዳል፣ አፏ ተከፍቷል፣ ልጆቹ ያይዋታል፣ እኔ እንጃ፣ ትላለች፣ የጎረቤት ሕፃን ይሆናል፣ እና ትስቃለች፣ ማን ነው የሳቀው፣ እሷ ናት፣ ከሷ ጉሮሮ ነው የወጣው፣ አቁሚ፣ አያቆምም።

ሕፃን ከሆነማ ምን ይደረጋል፣ ይላል አስማረ ለዘብ ብሎ፣ ነይ ከዚህኛው መደርደሪያ ምረጪ፣ እነዚህ አንቺ የለመድሽው ዓይነት ናቸው። እና አየቻቸው፣ ሁሉም ቦታ ቦታቸው ላይ፣ ጣቷን ብታሳርፍ ይሄዳሉ፣ ይሄን ነበር የፈለገችው፣ ይሄንኑ፣ ታዲያ እጇ ለምን አይነሣም።

አባቷ ቀረብ ይላል። ከኪሱ የተጠቀለለች ቁራጭ ጨርቅ ያወጣል፣ ቀስ ብሎ ይፈታታል፣ ውስጧ አንዲት ትንሽ ጥቁር ቁልፍ፣ በአሮጌው ላይ አቻዋን ፈልጎ ያጣላት። አስማረ ፊት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣታል። ልጆቹ ቁልፏን አይተው እሱን ያያሉ። አባዬ፣ ትላለች በሆዷ፣ ብቻ በሆዷ፣ እሱ ግን ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ይከታል፣ ባርኔጣውን ያደርጋል፣ ሳያያት በሩን አልፎ ይሄዳል።